ለገና ላሊበላ፦ የእግዜር እንግዳ ሆነን የሰነበትንበት ጉዞ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2011፦ ከአዲስ አበባ ደሴ

አክስቴ ስለት ነበረባት። ምን ብላ እንደተሳለች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የማውቀው ለገና ላሊበላ መድረስ እንዳለባት፣ ብቻዋን እንደማትሄድ፣ ከቤተሰቡ ደግሞ የዓመት ፈቃዱን ያልጨረሰ እኔ ብቻ መሆኔን ነው። የአውሮፕላን ነገር ገና ሳነሣ "በአየር የሚደርስ ስለት የለም" ብላ ዘጋችኝ። ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ትልልቆቹ አውቶቡሶች ያን ጊዜ ከመስቀል አደባባይ ነበር የሚነሡት። ስንደርስ ገና አልነጋም። ለአንድ ሰው 310 ብር ከፍለናል። ከተሳፋሪው ግማሹ ነጠላ ለብሷል። ከፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ ለስለት የምታስገባውን የቤተ ክርስቲያን ጥላ ጠቅልላ ይዛለች። መኪናው በታጠፈ ቁጥር የጥላው ጫፍ የፊተኛውን ሰውዬ ማጅራት ይወጋዋል። ዞር ብሎ ሲያያት "ይቅርታ ወንድሜ፣ የማርያም ነው" ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ምን ይበል?

ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይገባል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ተገፈፈ፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ወረሩት። ጾመ ነቢያት ነው፤ ቀኑም ረቡዕ ነው። አክስቴ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ግን ቆሎውን ገዛች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ እስከ ከሚሴ ድረስ እያሸተተች ሄደች። "ለመንገደኛ ይፈቀዳል እኮ" ብላት "ለደከመው ነው የሚፈቀደው፤ እኔ ተቀምጬ ምን ደከመኝ?" አለች። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል። ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ያስለብሳል። አልጋ በ250 ብር አገኘን፣ ሽሮ በ45 ብር በላን፣ ተኛን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25፦ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ

ከደሴ ወልድያ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ሐይቅ ወርደን ለመሳለም ጊዜ ነበረን። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ያደረጉት ቦታ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ ተምረዋል። ሴት ግን አይገባበትም። አክስቴ ከውጭ ተሳልማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ገብቼ ወጣሁ። ስመለስ "ምን አየህ?" አለችኝ። የነገርኳትን ሁሉ በጸጥታ ሰማች። እሷ ምንም አልመሰላትም። ቅር ያለኝ እኔን ነው፤ እስካሁንም ቅር ይለኛል።

ከተማው ውስጥ ዓሣው ይጠበሳል፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። የምግብ ቤቱ ልጅ "ዓሣ እኮ ጾም ነው እማማ" ብሎ አክስቴን ሊያግባባ ሞከረ። "ላንተ ይሁንልህ" አለችው። 9 ሰዓትን ጠብቀን እንደገና ሽሮ በላን።

ከውጫሌ በኋላ በእግር የሚሄዱ ሰዎች መታየት ጀመሩ። ሁለት ሦስት ሆነው፣ በትር ይዘው፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ነው የሚሄዱት። መርሳ አካባቢ መኪናችን ለተሳፋሪ ሲቆም ከዛፍ ሥር ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት አየሁ። ሁለት ጀሪካን ውኃና የፕላስቲክ ጣሳ ይዘዋል። ተሳላሚ ሲያልፍ ይጠሩታል፣ ይቀዱለታል፣ አይናገሩም። ከጎኔ የተቀመጠው የመርሳ ልጅ "ሐጂ ናቸው፤ ለገናም ለግሸንም አይቀሩም" አለኝ። ወሎ ውስጥ ይህን እንደ ተአምር የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ እድር የሚቀባበር አገር ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ካሜራ ተይዞ ይመጣ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26፦ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ

ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ታሪፍ የሚባል ነገር ለበዓል እረፍት ወጥቷል። ሚኒባሱ 250 ብር ጠየቀን። ተከራከርን፣ ከፈልን። ወንበሩ ለሦስት የተሠራ ነው፣ አራት ሆነን ተቀመጥንበት።

የድልብ ዳገት ያስፈራል። ይህን መንገድ "የቻይና መንገድ" ይሉታል፤ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ናቸው የሠሩት። ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠጠርና አቧራ ጀመርን። ነፋሱ ይቆርጣል። ነጠላችን ቡና መሰለ። ጥቂት እንደሄድን አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቁጭ ብለው አየን፤ ሹፌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ቆመ። ረዳቱ "ማን ሊከፍል ነው?" ሲል ከኋላ አንዱ "በኔ ሂሳብ"፣ ሌላው "የለም በኔ" ብለው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ጭቅጭቁ ሳያልቅ አሮጊቷ አክስቴ ጭን ላይ በግማሽ ተቀምጠው ነበር። ከዋድላ በኩል ነው የመጡት። "እኔ መኪና አልጠየቅሁም፤ ያረፍኩ ነበር" ይሉናል፤ ግን አልወረዱም።

ከዚያ ጎማ ፈነዳ። ተተኪው ጎማም አየር የለውም። ሁለት ሰዓት ያህል ብርድ ላይ ቆመን የሌላ መኪና ክሪክና ጎማ ጠበቅን። በዚያ መሀል የእግረኞቹ ቡድን ደረሰብን፣ እኛን ባለመኪኖቹን እያየ አለፈን። አንዷ ከስንቋ የዳቦ ቆሎ ዘግና እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። "አይዞህ፣ ትደርሳለህ" አለችኝ። በእግሯ የምትሄደዋ ናት ይህን የምትለው።

ላሊበላ መግቢያ ላይ የደረስነው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። መንገዱ ዳር ሸራ ተወጥሯል፤ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ ጀሪካን፣ የተደረደረ ሳፋ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የሚመጣውን ሰው ክንዱን ይዘው ያስቀምጡና ጫማውን ይፈታሉ። አክስቴ "ልጄ፣ እኔ በመኪና ነው የመጣሁት፤ እግሬ ንጹሕ ነው" አለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው፤ "እማማ፣ የመጣ እግር ሁሉ ይታጠባል" ብሎ ተንበርክኮ ካልሲዋን አወለቀ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። እዚህ ግን ወረፋ አለው፤ ውኃ የሚያመላልስ፣ ፎጣ የሚያሰጣ፣ ዳቦ የሚቆርስ፣ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። አክስቴ አለቀሰች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሣ ስል ልጁ ቀና ብሎ "ጋሼ፣ ያንን ጀሪካን ታቀብለኛለህ?" አለኝ።

ወደ ሆቴሉ ስንሄድ አልጋችን ተሰጥቷል። ከወር በፊት ቀብድ ልከን ስማችን ተመዝግቦ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ መዝገቡን ገልብጦ፣ አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ ገንዘባችንን መለሰልን። ከተማውን ዞርን፤ መስኮት የሌለው ክፍል 1,500 ብር ጠሩብን፣ እሱንም ስናንገራግር ሌላ ሰው ወሰደው። ከተማው እግር አጣቢም አልጋ ቸብቻቢም አለው፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ነው የሚሠሩት።

ጨለመ። አክስቴ ወደ ሸራው መለሰችኝ። ያ ልጅ ውኃ እየደፋ ነበር። ነገሩን ሳንጨርስለት ሻንጣዋን አንሥቶ ወደ እናቱ ቤት መራን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27፦ የሰው ቤት

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ግቢው ውስጥ የሸራ ድንኳን ተተክሎ መሬቱ ላይ ጭድ፣ ከጭዱ በላይ ሰሌን ተነጥፏል። በሌሊት ገብተን ስለተኛን ስንት ሰው እንዳለ ያየሁት ሲነጋ ነው። ከዋግ፣ ከጎጃም፣ ከራያ የመጡ ነበሩ። የቆሎ ተማሪዎችም አሉ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችም። አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ከእነ መሪያቸው ጥጉን ይዘዋል።

የቤቱ እመቤት ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ዓመቱን ሙሉ ጠላ ሸጠው ነው የሚኖሩት። እኛም እንደ ልጆቻቸው "እማማ" አልናቸው። ከየት እንደመጣን የጠየቁን ጠዋት ላይ፣ እግራችን ታጥቦ፣ ተኝተን ከተነሣን በኋላ ነው። ስማችንን ደግሞ ከዚያም በኋላ። ማን ነህ፣ ምን ሆነህ ነው፣ የምን ሃይማኖት ነህ፣ ማስረጃ አለህ ወይ የሚል የለም። አዲስ አበባ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አገልግዬ ነበር። እርዳታ ፈላጊው ሩዝ ከማግኘቱ በፊት ሦስት ገጽ ቅጽ ይሞላ ነበር። ቅጹ ምክንያት አለው፣ አውቃለሁ፤ ሌባም አለ። ግን እዚህ ቤት ቅጹን የሚተካው ምን እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልኩ።

የሚተካው ጉልበት ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው። የጎረቤት ሴቶች የጽዋ ማኅበር አላቸው፤ አንዷ ባቄላ፣ አንዷ ማገዶ፣ አንዷ ጨውና በርበሬ ያዋጣሉ። ጤፍ ያላት ጤፍ ታመጣለች፣ የሌላት መጥታ ትጋግራለች። እንግዳ የሌለበት ቤት እቃ ያውሳል። በዚያ ሰፈር ያለው ምጣድ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ነው። ቁርሱ ንፍሮ ነው፤ የባቄላና የስንዴ። ምሳና እራቱ እንጀራ በሽሮ ነው፣ ዳቦም አለ፣ ጠላ ለሚጠጣ ጠላ። ከዚህ የተለየ ምግብ በዓሉ እስኪደርስ አላየንም፤ የተራበም አላየሁም።

የጎደለው ውኃ ነው። ቦኖው ጋ የጀሪካኑ ሰልፍ ይታጠፋል፣ ይዞራል። በአህያ የሚመጣውን አንዱን ጀሪካን 10 ብር ይሸጡት ነበር። ወንድ እንግዶች ሁሉ ሥራችን ይኸው ሆነ፤ እኔም አምስተኛውን ምልልስ ሳልጨርስ መዳፌ ተላጠ። ከአዲስ አበባ የመጣሁ መሆኔ ወዲያው ታወቀ። የቆሎ ተማሪዎቹ ጀሪካኑን በገመድ አዝለው እየዘፈኑ ይወጡታል።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። አክስቴ ለእማማ ገንዘብ ልትሰጥ ሞክራ ተቆጥተዋት ስለተመለሰች ዘዴ ፈለገች። ገበያ ወጥተን ቡና በኪሎ 130 ብር፣ ጨው፣ ስኳር፣ አንድ ጣሳ ቫዝሊን ገዛን። ቤት ስንገባ ለእማማ ሴት ልጅ ሰጥተን ዝም አልን። እማማ አይተው እንዳላዩ አለፉት። ቡና ላይ ግን ጠየቅኳቸው፤ ሰው አልጋ በዚህ ዋጋ ሲያከራይ እርስዎ ለምን ሁለቱን ክፍል አያከራዩም?

"ለመሸጥ ዓመቱን ሙሉ አለልኝ" አሉ። ከዚያ ቡናው ውኃ በዝቶበታል ብለው ልጅቷን ገሠጹ።

ወደ ማታ አንድ ሰው መጡ። አጥሩ ጋ ቆመው "ቤቶች! የእግዜር እንግዳ" አሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም። ጋቢያቸው እጃቸውን ሸፍኖታል። ልጅቷ ወጥታ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። ጣቶቻቸው አልቀዋል። ሥጋ ደዌ ነው። ልጅቷ አየች፣ ከክርናቸው በላይ ደግፋ አስገባቻቸው።

እኔ ያደግኩት ዘነበወርቅ ነው። አለርት ሆስፒታል ያለበት፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ ሰፈር። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ልጆቻቸው የክፍል ጓደኞቼ። ታክሲ ውስጥ "ዘነበወርቅ ነው የምኖረው" ስል ፈቀቅ የሚል ሰው እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አይቻለሁ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ጤና ጣቢያም በነፃ ይሰጣል። በሽታው የገደለው ነርቭ ግን አይመለስም። እጅና እግር የሚያልቀው በሽታው ስለሚበላው ሳይሆን ሰውየው ሲቃጠልና ሲቆስል ስለማይሰማው ነው።

ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት። ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ አመጣች። የሌሎቻችንን እግር ስታጥብ ውኃውን ሰውየው ራሱ ነበር የሚለካው፤ "ሞቀ?" ትላለች፣ "ቀነስ አድርጊው" ይባላል። የእሳቸውን ግን አልጠየቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ሳፋው ውስጥ ነከረች፣ ጠበቀች፣ ቀዝቃዛ ጨመረች፣ እንደገና ነከረች። ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት "እማዬ" አለች። ከዚያ በረባሷቸውን አወለቀች። የጎማው ጫማ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ጠጠር ነበረች። ተረከዛቸው ሥር ገብታ ሥጋውን በስታዋለች። ከስንት ቀን ጀምሮ ይሆን የረገጧት? አልተሰማቸውም። እግራቸውን ብዙ ጊዜ ውኃው ውስጥ አቆየችው፣ በጨርቅ አደረቀች፣ ቆዳውን ቫዝሊን ቀባችው። ከእኛ ጋር የነበረች የወልድያ ነርስ ከቦርሳዋ ፋሻ አወጣች። አክስቴ ባትሪ ይዛ አበራችላት።

እራት ሲቀርብ ነው ችግር የመጣው። እማማ አዛውንቱን ከእኛው መሶብ አስቀመጧቸው። አንዲት ሴትዮ፣ ደህና ሰው ናት፣ ቀኑን ሙሉ ስትጋግር የዋለች ናት፣ እጇን ሰበሰበች። "ጠግቤያለሁ" አለች። አዛውንቱ ገባቸው፤ ለመነሣት በክርናቸው መሬቱን ተደገፉ። እማማ ምንም አልተናገሩም። መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ፣ እንጀራ ቆርሰው፣ ሽሮ አጥቅሰው፣ ትልቅ ጉርሻ አጎረሷቸው። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ጣት የሌለው ሰው ሽሮ እንዴት እንደሚበላ ማናችንም አላሰብንበትም ነበር። ከዚያ በእዚያው እጃቸው ለራሳቸው ጎረሱ፣ ቀጥለው ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን ከፈትኩ። እኔ ስለበሽታው የማውቀውን ሁሉ አውቄ እንኳ ልቤ መታ ማለቱን አልደብቅም። ሴትዮዋ ያን ማታ ወደ መሶቡ አልተመለሰችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28፦ አብያተ ክርስቲያናቱ

ስለ ሕንጻዎቹ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ አላረዝምም። ከቋጥኝ የተፈለፈሉ 11 ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ዩኔስኮ ከመዘገባቸውም ቆይቷል። ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲገቡበት ትንሽ ያደርጋል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ማየት ልብ ያቆማል። አንዳንዶቹ ላይ የተተከለው የብረት ጣሪያ ግን ዓይን ያማል፤ የከተማው ሰው በ2011 መጀመሪያ ሰልፍ ወጥቶበት ነበር፣ አይቼው እውነት አላቸው አልኩ።

እኔን የያዘኝ የቦታዎቹ ስም ነው። ዮርዳኖስ አለ፣ ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ዘይትም አለ። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሥ ላሊበላ ይህን ያነጸው ኢየሩሳሌም ለመሄድ በመንገድ የሚያልቀው ምእመን እዚሁ እንዲሳለም ብሎ ነው። በውኃ ጥም የሚሞተውን መንገደኛ አስቦ ተራራ የፈለፈለ ንጉሥ! እውነት እንዲህ አስቦ ይሁን አይሁን ለታሪክ አዋቂዎች እተወዋለሁ። የከተማው ሰው ግን ያምነዋል፣ እንደሚያምነውም ይኖራል።

በየመተላለፊያው ዳር ችግረኛው ተደርድሯል። "ስለ ላሊበላ! ስለ ማርያም!" ይላል። ሰው ቤት የገባው ሁሉም አይደለም ማለት ነው። ሸራ ለብሰው ደረጃ ላይ ያደሩ አሉ። የአእምሮ ሕመምተኛ ልጇን በገመድ ወገቧ ላይ ያሰረች እናት አየሁ፤ ሰው ሳንቲም ይጥላል እንጂ አጠገቧ አይቆምም። አክስቴ ቆመች። ስላረፍንበት ቤት ነገረቻት። ሴትዮዋ "ይጮሃል፣ ሰው ያውካል" ብላ እምቢ አለች። አክስቴ ስንቋን ሰጠቻት፣ መንገዱንም አመለከተቻት። አልመጡም።

ማታ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ነው። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ጧፉ፣ ግፊያው። ብርዱ ሲጠናብኝ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋቢ ሥር ገብቼ ነበር፤ ጋቢው ሰፊ ነው፣ ሰውየውም ዝም አለ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፦ ገና

ጠዋት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህናቱ ቤተ ማርያምን በከበበው ማሜ ጋራ በሚባለው ገደል አፋፍ ላይ ዙሪያውን ተሰልፈው ይወጣሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። "ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ" ይላሉ፣ የላዩ ሲያወርድ የታቹ ይቀበላል። ቀኑ የንጉሡ የላሊበላ የልደት ቀንም ነው። ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ከጎናችን ቆመው በለሆሳስ ያዜሙ ነበር፤ አንዱ ካህን ቀድሞ ሲገባ "ቸኮለ" ብለው ሳቁ።

ስንወጣ የአክስቴ ጫማ የለም። በር ላይ ካወለቀችበት ቦታ፣ ከዚያ ሁሉ ሺህ ጫማ መሀል፣ የእሷ ብቻ። አዲስ ነበር፣ ለጉዞው የተገዛ፣ 900 ብር። "የወሰደው ይሙቀው" አለች፤ ፊቷ ግን እንደዚያ አይልም። በካልሲ ጠጠር ላይ እየተራመደች ስትገባ ልጅቷ የራሷን ኮንጎ አውልቃ ሰጠቻት። አንድ ቁጥር ይጠባታል።

ጾሙ ተፈታ። እማማ ለአልጋ ያልተቀበሉንን ገንዘብ ለበግ መዋጮ ግን እሺ ብለው ነበር፤ ሁለት በግ ታረደ። ያቺ ከመሶብ የሸሸችው ሴትዮ ወጡን የሠራችው እሷ ናት። ሲቀርብ አዛውንቱ ካሉበት መሶብ መጥታ ተቀመጠች። አላጎረሰቻቸውም። የተመረጠውን ሥጋ እየገፋች ወደ እሳቸው በኩል ታደርግ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30 እና ጥር 1፦ በቦሩ ሜዳ በኩል

ነርሷ የአዛውንቱ ቁስል አጥንት ሳይነካ መታየት አለበት አለች። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ሲጀመር ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋሙት ነው። እሳቸውም ያውቁታል፣ መድኃኒቱን የጨረሱት እዚያ ነው። ስለዚህ አብረውን ተሳፈሩ። የመጀመሪያው ሚኒባስ "ሞልቷል" አለን፣ ባዶ ወንበር እያየን። ሁለተኛው ጫነን። መንገዱ ላይ ምንም አልገጠመንም።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስንደርስ ጸሐፊዋ ካርድ እየጻፈች "አስታማሚያቸው ማን ነው?" አለች። አክስቴ "እኔ" አለች። "ዝምድና?" "አብረን በልተናል።" ጸሐፊዋ ቀና ብላ አይታት "ጎረቤት" ብላ ጻፈች። ቁስሉ ተጠረገ። ለጥቂት ቀን እንዲተኙ ተወሰነ። ለእግራቸው ልክ የሚሠራ ጫማ እንደሚያዙላቸው ነገሩን። ለመመለሻቸው 500 ብር ትተንላቸው፣ መርቀውን፣ ደሴ ገብተን አደርን።

ለገና ለመሄድ ላሰባችሁ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ይበቃዋል፣ እኛ ዘና ብለን ነው። አልጋ ብትይዙም አትመኑ። ሰው ቤት ካረፋችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ፋሻ፣ ቫዝሊን፣ ጨው፣ ቡና፣ ከተቻለ ጠንካራ ጀሪካን ውሰዱና ለቤቱ ልጆች ስጡ። እጅ ጓንት ለውኃ ምልልሱ አይከፋም። ጫማችሁን ደግሞ በር ላይ አትተዉ፤ በፌስታል ይዛችሁ ግቡ።